የተሽከርካሪን የጎማ ኩሽኔታ ከጋራዥ ርቆ ስለ መለወጥ

በድርቅ ለተጎዳው ወገን የሚላከው እህል ከወደብ ተነሥቶ እስከ ማደያው ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። ስለ መርከቡና ስለ ወደቡ፣ ስለ መጋዘኑና ስለ ሰነዱ በየጊዜው ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ ኩሽኔታ የተናገረ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሙሉ ጭነት የተሸከመን መኪና ከመንገድ ከሚያስቀሩት ምክንያቶች አንዱ፣ በአንድ እጅ መዳፍ የሚያዘው የዚህ ብረት መበላሸት ነው። 50 ኩንታል እህል፣ ለአንድ ሰው በቀን 500 ግራም ቢታሰብ፣ ለ10,000 ሰዎች የአንድ ቀን ቀለብ ይሆናል። 8 ኩንታል ፋሚክስ የጫነ ቀላል መኪና ደግሞ፣ ለአንድ ሕፃን በሳምንት 2 ኪሎ ቢታደል፣ የ400 ሕፃናትን የሳምንት ድርሻ ይዞ ይጓዛል። መኪናው በቆመበት ቀን ይህ ሁሉ አብሮ ይቆማል።

የማጓጓዣ ነገር በአገራችን የዕርዳታ ሥራ ታሪክ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማስታወስ ወደ 1977 ዓ.ም. መመለስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ችግሩ የእህል ማነስ ብቻ አልነበረም፤ እህሉን ከወደብ አንሥቶ ወደ ደጋው የሚያደርስ መኪናና መንገድ ማነሱም ጭምር ነበር። መኪና በማይደርስባቸው የወሎና የሰሜን ሸዋ ተራሮች የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በጆንያ ሲጥሉ ታይተዋል። በአየር የሚጣል እህል በመኪና ከሚደርሰው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ የከበደ ስለሆነ፣ የሚመረጠው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ለሠፈራ በተወሰዱ ጊዜም፣ ያው የመኪና እጥረት እንደገና ተከሰተ። በዚያ ሠፈራ አፈጻጸም የተፈጸመው በደልና የጠፋው የሰው ሕይወት ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የተነሣው፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ የሚወስዱት የዚያን ዘመን መንገዶች ወንዝ የሚያሻግሩና በክረምት ጭቃ የሚሆኑ ስለነበሩ፣ ለጎማ ኩሽኔታ የከፋ ጠላት የሆነው ውሃ በምን መንገድ እንደሚገባ ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ በመሆናቸው ነው።

ከባድ የጭነት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠገኑበት ጋራዥና የሚከታተላቸው ሜካኒክ ይኖራቸዋል። የሕክምና ቡድኑን፣ ተቆጣጣሪውንና አልሚ ምግቡን ይዘው ከዋናው መንገድ እየተገነጠሉ የሚሄዱት ቀላል መኪናዎች ግን ከጋራዥ 200 እና 300 ኪሎሜትር ርቀው ይውላሉ፤ ያድራሉም። ስለዚህ የሚከተለው ትምህርት የተመሠረተው በዕርዳታ ሥራ ላይ ብዙ በሚታየው፣ የፊት አክስሉ ድፍን በሆነውና የፊት ጎማው መቆለፊያ ባለው የቶዮታ ላንድክሩዘር ላይ ነው። በዚህ መኪና የፊት ጎማ ኩሽኔታን መለወጥ፣ አስፈላጊው ዕቃ አስቀድሞ ከተሟላ፣ በጣቢያው ግቢ ውስጥ አንድ ጠንቃቃ ሾፌርና አንድ ረዳት በግማሽ ቀን የሚፈጽሙት ሥራ ነው።

ኩሽኔታው ምን ይሠራል?

ጎማው የሚታሰርበት እምብርት፣ ማለት ሞዞው፣ በማይዞረው የአክስል ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው በሁለት ኩሽኔታዎች አማካይነት ነው፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሁለተኛው ወደ ውጭ ይቀመጣል። እነዚህ ኩሽኔታዎች በውስጣቸው የሚገኙት ሮለሮች ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ቅርጽ፣ ከላይ ወደ ታች የሚጫነውን ክብደትና መኪናው ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል በአንድነት እንዲሸከም ያስችለዋል። ጥቅሙ ይህ ሲሆን ግዴታም አለበት። የሮለሮቹ ቀለበት ከውጪው ቀለበት ጋር የሚገናኝበት ልክ በዳዶ ጥብቀት የሚወሰን ነውና፣ ዳዶው ከላላ ሮለሮቹ ይንገጫገጫሉ፤ ከጠበቀ ይግላሉ። አዲስ ኩሽኔታ ገብቶ በጥቂት ሳምንት የሚበላሸው ባብዛኛው ከዕቃው መጥፎነት የተነሣ አይደለም፤ ከዚህ ልክ መሳት ወይም ከቆሻሻ የተነሣ ነው።

ውሃ የሚገባበት መንገድ ብዙዎች እንደሚያስቡት በግፊት አይደለም። መኪናው ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ ይልቁንም ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ እንደሚወስደው ባለ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየተያዘ ሲወርድ፣ ሞዞው ይግላል፤ በውስጡ ያለውም አየር ይነፋል። ይህ የጋለ ሞዞ በድንገት ከወንዝ ውሃ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ በዚህም ጊዜ በግሪስ ማገጃው ላስቲክ ከንፈር በኩል ውሃውን ከነጭቃው ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ወንዝ ከመሻገር በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ጎማውን ማቀዝቀዝ ለሾፌሩ ዕረፍት ብቻ ሳይሆን ለኩሽኔታውም ዕድሜ ነው። ውሃው ከጎማው እምብርት በላይ ከደረሰ ግን፣ በሳምንቱ ሞዞው ተከፍቶ ግሪሱ ሊታይ ይገባዋል። ነጣ ብሎ ወተት የመሰለ ግሪስ ከተገኘ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

ሕመሙን ስለ መለየት

የተበላሸ ኩሽኔታ የመጀመሪያ ምልክቱ ድምፅ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ ሞተሩ ከማርሽ ተላቆ መኪናው በራሱ ሲንሸራተት እንኳ የማይጠፋ ጉርምርምታ ይሰማል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ስለሚያዘነብል፣ ድምፁ በዚያን ጊዜ ከጎላ የሚጠረጠረው የቀኙ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጎላ የግራው ይሆናል። ሁለተኛው ምልክት ሙቀት ነው። ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ የእጅን ጀርባ ወደ ሞዞው ጠጋ አድርጎ የግራውን ከቀኙ ማወዳደር ልማድ ሊሆን ይገባል። አንዱ ከሌላው እጅግ ከጋለ፣ ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ታሟል። የውሃ ጠብታ ሲነካው የሚንጫጫ ሞዞ ከ100 ዲግሪ በላይ ደርሷልና መኪናው ይቁም። ሆኖም ለማቀዝቀዝ ብሎ ውሃ መድፋት ቀድሞ የተነገረውን ጉዳት ስለሚያስከትል የተከለከለ ነው።

ሦስተኛው ምርመራ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ የሚደረግ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መነቅነቅ ያስፈልጋል። ንቅናቄ ከተገኘ ረዳቱ የፍሬኑን ፔዳል ይርገጥ። ፍሬኑ ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ችግሩ ከጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ግን ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ ከሚያዞረው መገጣጠሚያ ነውና ሞዞውን መፍታት ከንቱ ድካም ይሆናል። ብዙ ኩሽኔታ ያለ ጥፋቱ የተለወጠው ይህች ቀላል ምርመራ ስለተዘለለች ነው። ቀጥሎም ጎማውን በአንድ እጅ እያሽከረከሩ በሌላው እጅ የአክስሉን ሞላ ቢይዙ፣ የተበላው ኩሽኔታ አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ ሲንቀጠቀጥ በጣት ይሰማል።

እዚህ ላይ ለሥራ ኃላፊዎች የሚነገር አለ። ሾፌሩ «ጎማው እየጮኸ ነውና ልየው» ሲል፣ «የቀረችን ሠላሳ ኪሎሜትር ናት፤ ቀስ ብለው ይንዱ» የሚል መልስ በየጣቢያው የተለመደ ነው። የኃላፊው ሐሳብ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የተሰለፈው ሕዝብ በዓይኑ ላይ አለ። ነገር ግን የኩሽኔታው ማቀፊያ ተሰባብሮ ሮለሮቹ ከተቆለፉ፣ ውስጠኛው ቀለበት ከአክስሉ ጫፍ ጋር አብሮ እየተፋተገ ጫፉን ይበላዋል፤ ይባስ ሲል ጎማው ከነሞዞው ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። በግማሽ ቀን ሊለወጥ ይችል የነበረው ኩሽኔታ ያን ጊዜ አዲስ የአክስል ጫፍ፣ አዲስ ሞዞና የብዙ ሳምንት ጥበቃ ይጠይቃል። በተሳፋሪዎቹ ላይ ሊደርስ የሚችለውም ግልጽ ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ ሲሰማ ትክክለኛው ትእዛዝ ጭነቱን ወደ ሌላ መኪና ማዛወር ነው።

ከመፍታት በፊት

ሥራው የሚጠይቀው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ግን አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይጎድላል። ከተራው የመፍቻ ስብስብና ከክሪኩ ሌላ የ54 ሚሊሜትር የሞዞ ዳዶ ቁልፍ ያስፈልጋል። ይህን ቁልፍ በመሮና በመዶሻ መተካት የተለመደ ክፉ ልማድ ሲሆን፣ በዳዶዎቹ ላይ የሚታየው ጠባሳ ሁሉ የዚህ ውጤት ነው። ከዚህም ጋር ሁለቱ ኩሽኔታዎች ከነውጪ ቀለበታቸው፣ አዲስ የግሪስ ማገጃ ላስቲክ፣ አዲስ መቆለፊያ ሮንዴላ፣ የጎማ ኩሽኔታ ግሪስ፣ ለስላሳ የነሐስ ወይም የመዳብ ዘንግ፣ መዶሻ፣ ናፍጣ ወይም ላምባ፣ ለማጠቢያ የሚሆን ባዶ የምግብ ዘይት ቆርቆሮ፣ ንጹሕ ጨርቅና የዓይን መከላከያ መነጽር ሊዘጋጁ ይገባል። እነዚህን ዕቃዎች በማዕከላዊ መጋዘን አከማችቶ፣ መኪናው ከቆመ በኋላ በሞዴል 20 ተጠይቀው በሞዴል 22 ወጪ እስኪሆኑ መጠበቅ፣ በወረቀት ደንበኛ አሠራር ቢሆንም ለሩቅ ጣቢያ አይበጅም። ለየመኪናው አንድ ሙሉ የኩሽኔታ ጥቅል በታሸገ ቆርቆሮ አብሮት ቢጓዝ የንብረት ቁጥጥሩ አይጎዳም። ዕቃው ሲገዛም ከታወቀ ነጋዴ መሆን አለበት። በገበያ የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም አስመስሎ የታተመ ኩሽኔታ ሞልቷልና፣ የቁጥሩ ጽሑፍ የደበዘዘ ወይም በመያዣው ላይ ካለው የተለየ ከሆነ መቀበል አይገባም።

መኪናው ከጭነቱ ይራገፋል፤ በደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ የኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላቸው በድንጋይ ይታገዳሉ። የጎማው ዳዶዎች የሚላሉት ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው። ከዚያም አክስሉ በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ የእንጨት ግንድ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መሥራት ሕይወትን ማስያዝ ነው። ድንጋይም ለመደገፊያ አይሆንም፤ ሳይታሰብ ይሰነጠቃልና።

በቆላውና በድርቅ አካባቢ ትልቁ ችግር አቧራ ነው። ሥራው ከነፋስ ተከልሎ፣ ከተቻለ በማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ቢጀመር ይመረጣል። የተፈቱት ዕቃዎች በንጹሕ ሸራ ላይ ይዘርጉ። እጅ የሚቀርበው የእህል ጆንያ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቃጫውና የእህሉ ብናኝ ከግሪሱ ጋር ይጣበቃል።

አፈታቱ

ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬኑ ካሊፐር ከሁለቱ ብሎኖቹ ተፈትቶ በሽቦ ከሞላው ጋር ይንጠለጠል። በፍሬን ቱቦው ላይ ከተንጠለጠለ ቱቦው ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። ቀጥሎ የፊት ጎማውን ለአራት ጎማ ጉልበት የሚያስረው መቆለፊያ ክዳኑ ይነሣል፤ በአክስሉ ጫፍ ላይ ያለችው የሽቦ ቀለበት ትወጣለች፤ የመቆለፊያውም አካል ዳዶዎች ይፈታሉ። በነዚህ ዳዶዎች ሥር ያሉት ሾጣጣ ቀለበቶች ተጣብቀው ስለሚቀሩ፣ በነሐስ ዘንግ ዙሪያውን መታ መታ ሲደረጉ ይለቃሉ። ትዕግሥት ያጣ ሰው በካቻቪቴ ሲፈለቅቃቸው ፊታቸውን ያበላሻል።

አሁን ሁለቱ የሞዞ ዳዶዎች ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው ሮንዴላ የታጠፈው ጆሮው ይቃናና የውጪው ዳዶ ይፈታል፤ ሮንዴላው ይወጣል፤ ከዚያም የውስጠኛው ዳዶና ከሥሩ ያለው ቀለበት ይከተላሉ። ሞዞው ወደ ራስ ሲሳብ የውጪው ኩሽኔታ ቀድሞ ስለሚወድቅ፣ አውራ ጣት በላዩ ላይ ይያዝ። የግሪስ ማገጃው ላስቲክ ከጀርባ ተፈልቅቆ ሲወጣ የውስጠኛው ኩሽኔታ ይገኛል። የወጣው ሁሉ በወጣበት ተራ መደርደር አለበት።

አሮጌውን ኩሽኔታ አጥቦ ሳይመረምሩ መጣል ትምህርትን መጣል ነው። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ የተለወጠ ቀለም የሙቀት ምልክት ስለሆነ፣ ወይ ዳዶው ጠብቆ ነበር ወይ ግሪሱ አልቆ ነበር። በሮለሮቹ ልክ ተራርቀው የተሰለፉ የዝገት መስመሮች፣ ውሃ ገብቶ መኪናው ለብዙ ቀን ቆሞ እንደነበር ይመሰክራሉ። ሻካራና የተቆፈረ ፊት የዕድሜ ማለቅ ወይም የጭነት መብዛት ነው። ጥቃቅን ጭረት በብዛት ከታየ ደግሞ አቧራ ገብቷል ማለት ነው፤ ይኸውም የማገጃው ላስቲክ እንዳረጀ፣ ወይም ያለፈው ጥገና በቆሻሻ እጅ እንደተሠራ ያስረዳል።

የውስጠኛው ክፍል ተለውጦ የውጪው ቀለበት አሮጌው ይቅር የሚል ቁጠባ ፈጽሞ አይሠራም። ሁለቱ አብረው የተሠሩ ጥንዶች ናቸው። የውጪው ቀለበት በሞዞው ውስጥ ተጨንቆ ስለሚቀመጥ፣ ከጀርባው በተተዉት ክፍተቶች በኩል የነሐስ ዘንግ እየገባ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን እየተመታ ቀስ በቀስ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ ከተመታ ይጣመማል፤ የሞዞውንም ግድግዳ ይልጠዋል። አዲሱ ሲገባ ደግሞ በመዶሻ በቀጥታ መምታት ክልክል ነው። የኩሽኔታ ብረት እጅግ የጠጠረ በመሆኑ ሲመታ ይፈናጠራል፤ ፍንጣሪውም ዓይን ያጠፋል። መነጽሩ የተጠቀሰው ለዚህ ነው። አሮጌው ቀለበት ተገልብጦ በአዲሱ ላይ ቢቀመጥና በላዩ ቢመታ ጥሩ መግፊያ ይሆናል። ሞዞው ፀሐይ ላይ ውሎ ቀለበቱ ጥላ ውስጥ ቢቆይ መግባቱ ይቀላል፤ በቆላ ይህን ፀሐይ የሚያህል ረዳት የለም። ቀለበቱ ወለሉን ሲነካ የመዶሻው ድምፅ ከድፍን ወደ ጥሩ ቃጭል ይለወጣል። ያን ጊዜ ዙሪያውን አይቶ ክፍተት አለመቅረቱን ማረጋገጥ ያሻል።

ግሪሱና ልኩ

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ለጎማ ኩሽኔታ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ሊቲየም ያለበት ቁጥር 2 ግሪስ ነው። የተለያዩ ግሪሶችን ማደባለቅ አይገባም፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ቀጥነው ይፈሳሉ። ስለዚህ አሮጌው ከሞዞው ውስጥ ጨርሶ ይጠረግ። ግሪስ በጠፋበት ቦታ ሞራ፣ ቅቤ ወይም የዕርዳታ ዘይት መቀባት ገና ከመጀመሪያው ቁልቁለት ቀልጦ የሚፈስ ነገርን ማመን ነው። ለማጠቢያም ቤንዚን ስለ እሳት አደጋው አይመከርም። የታጠበውን ኩሽኔታ በአየር እየነፉ ማሽከርከርም እንዲሁ፤ ያለ ግሪስ የሚሽከረከሩ ሮለሮች ይጫጫራሉ፤ ማቀፊያውም ሊበተን ይችላል።

ጥቂት ግሪስ በግራ መዳፍ ይያዝና ኩሽኔታው በሰፊው ጫፉ በኩል በመዳፉ ላይ እየተጫነ ይቀባ፤ ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በላይኛው ጫፍ ብቅ እስኪል ድረስ። ከዚያ ጥቂት ዞር ተደርጎ ይደገማል፤ ዙሪያው እስኪሞላ። ከላይ የተቀባ ኩሽኔታ ሲያዩት ያማረ ቢመስልም ውስጡ ደረቅ ነው። በሞዞው ባዶ ክፍል ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ ግሪስ ይለጠፋል እንጂ ጢም ብሎ አይሞላም፤ የተረፈ ግሪስ ሲናጥ ሙቀት ይፈጥራልና። የማገጃው ላስቲክ ከንፈርም ግሪስ ተቀብቶ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ እየተመታ ከሞዞው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ይገባል።

ሞዞው ወደ ቦታው ተመልሶ የውጪው ኩሽኔታና ቀለበቱ ከገቡ በኋላ፣ የሥራው ዋና ነገር ይመጣል። የውስጠኛው ዳዶ ሞዞው እየተሽከረከረ በ6 ኪሎግራም-ሜትር ያህል ይጠብቃል። ይህ ሮለሮቹን ወደ ቦታቸው ለማስገባት ብቻ ነው። ሞዞው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ደጋግሞ ይዞራል። ከዚያም ዳዶው ይላላና በእጅ እስኪዞር ከለቀቀ በኋላ እንደገና በለዘብታ ይጠብቃል። ትክክለኛው ልክ መገኘቱ የሚታወቀው በሚዛን ነው። በአንዱ የጎማ ብሎን ላይ ተንጠልጣይ የሞላ ሚዛን ይታሰርና ሞዞው ማሽከርከር እስኪጀምር በቀጥታ ይሳባል። ለብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ላንድክሩዘሮች ሚዛኑ ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎግራም ማሳየት አለበት። ከዚህ ካነሰ ዳዶው ጥቂት ይጥበቅ፤ ከበለጠ ይላላ። ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ሊለያይ ስለሚችል ከመኪናው መመሪያ ጋር ይመሳከር።

ሚዛን ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። በየማደያው ሕፃናት የሚመዘኑበት፣ እስከ 25 ኪሎ የሚያሳየው ተንጠልጣይ ሚዛን በየአንድ መቶ ግራሙ የተከፈለ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ከሚገባው በላይ ትክክል ነው። የጤና ባለሙያውን አስፈቅዶ፣ የሕፃናቱን ማንጠልጠያ ሱሪ አውልቆ፣ ሚዛኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መጠቀምና ሳይዘገይ መመለስ ተገቢ ነው።

ልኩ ከተገኘ በኋላ አዲሱ ሮንዴላ ገብቶ የውጪው ዳዶ በ6.5 ኪሎግራም-ሜትር ያህል ይጠብቃል። የውጪው ዳዶ ሲጠብቅ የውስጠኛውን ስለሚገፋው ልኩ ይለወጣል። ስለዚህ በሚዛኑ ዳግመኛ መለካት ግዴታ ነው፤ ካልተስማማ ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል። ይህን ሁለተኛ ልኬት ስንፍና የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ አዲስ ኩሽኔታዎችም የሚቃጠሉት ባብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ልኩ ሲጸና የሮንዴላው አንዱ ጆሮ ወደ ውስጠኛው፣ ሌላው ወደ ውጪው ዳዶ ይታጠፋል።

ከላንድሮቨር ወደ ላንድክሩዘር የሚዛወሩ ሾፌሮች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ያስፈልጋል። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ኩሽኔታቸው በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ጥቂት ክፍተት እንዲኖረው የታቀደ ሲሆን፣ ላንድክሩዘሩ ደግሞ ጥቂት ጭነት ይፈልጋል። የአንዱን ልማድ ለሌላው ማዋል ሁለቱንም ያበላሻል። በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚታዩት አነስተኛ መኪናዎች ኩሽኔታቸው አንድ ወጥ ሆኖ የሚገጠም በመሆኑ የሚስተካከል ዳዶ የላቸውም፤ ብዙዎቹም በመጫኛ መሣሪያ ካልሆነ አይወጡምና ለጋራዥ መተው አለባቸው። ከባድ መኪናዎችም በመሠረቱ ተመሳሳይ ቢሆኑም፣ የሞዞአቸው ክብደት ሰውን የሚጎዳ ስለሆነ ያለ ማንሻ መሣሪያ አይሞከርም።

መለዋወጫ ሲታጣ

ኩሽኔታው ታሞ መለዋወጫ ከሌለ፣ ሁለት ሁኔታዎችን መለየት ይገባል። ሮለሮቹና ማቀፊያው ሙሉ ሆነው ግሪሱ ብቻ ከተበላሸ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ግሪስ ተሞልቶና ልኩ ተስተካክሎ፣ መኪናው ባዶውን በሰዓት ከ30 ኪሎሜትር በማይበልጥ ፍጥነት፣ በየአሥር ኪሎሜትሩ እየቆመ ሙቀቱ እየታየ ወደ ቅርብ ከተማ ሊሄድ ይችላል። ሰው ግን አይጫንበትም። ማቀፊያው ከተሰበረ ወይም ሮለር ከጎደለ ባለበት ይቁም። ይህን የሚወስነው የሾፌሩ ዓይን እንጂ የኃላፊው ጥድፊያ መሆን የለበትም። ውሳኔውም በመኪናው የጉዞ መዝገብ ላይ ተጽፎ ሁለቱ ቢፈርሙበት፣ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል።

ሥራው እንደተፈጸመ ካሊፐሩና ጎማው ይታሰራሉ፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፍሬኑ ደጋግሞ ይረገጣል። አምስት ኪሎሜትር ያህል ተነድቶ የሁለቱ ሞዞዎች ሙቀት ይወዳደራል። ለብ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ልኩ ጠብቋልና ሌላ ጉዞ ሳይታሰብ ይፈታ። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ጎማው እንደገና ተነሥቶ ይነቀነቃል። ግሪሱን ለመለወጥ መመሪያው የሚሰጠው ኪሎሜትር ለደህና መንገድ የታሰበ ስለሆነ፣ በአቧራና በወንዝ ለሚሠራ መኪና በግማሽ ቢቀነስ ይሻላል።

በጉዞ መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የኪሎሜትሩ ንባብ፣ የተለወጠው ጎማ የቀኝ ወይም የግራ መሆኑ፣ የኩሽኔታው ቁጥርና በሚዛኑ የተገኘው ልክ ይጻፋል። አሮጌው ኩሽኔታ ታጥቦ በወረቀት ይጠቀለላል፤ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ይጻፍበትና፣ በምትኩ አዲስ ጥቅል እንዲላክ ከሚጠይቀው ሞዴል 20 ጋር በቅድሚያ ወደ መጋዘን በሚመለሰው መኪና ይላካል።